ሰፈር ወይስ ሴንተር፦ ልጃችን ለሌቭል ፎር ሲያልፍ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ፣ ወላጆች። ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ከሥራ እንደመጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ማታ ፈረቃ እንደምትገቡ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በዚህ ካውንቲ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ኤኤፒ የሚባለው የላቀ ትምህርት ምርጫ ውጤት በፀደይ ሲወጣ የሚደውሉልኝ ወገኖቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ልጄ ለሌቭል ፎር አልፏል። ሴንተር ልላከው ወይስ እዚሁ ሰፈሩ ይቆይ?» ሌቭል ፎር የላቀ ትምህርቱ ከፍተኛ ደረጃ ነው፤ ሴንተር ደግሞ ለእሱ ያለፉ ልጆች ከየሰፈሩ የሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ነው። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ «በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ቢቆይ፣ በክፍሉ ውስጥ ለሌቭል ፎር ያለፉ ስንት ልጆች አብረውት ይቀመጣሉ?» አብዛኛው ወላጅ አያውቅም፤ እንዲጠይቅም ማንም አልነገረውም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እናንሳ። ፌርፋክስ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያሉት፣ በቨርጂኒያ ትልቁ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው። የላቀ ትምህርቱን ኤኤፒ ብሎ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው ለሁሉም ልጅ የሚሰጥ የማሰብ ልምምድ ነው። በሁለተኛው ልጁ በሚበረታበት ትምህርት ብቻ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ከበድ ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በከፊል ሰዓት የሚሰጥ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ራሱ ትምህርት ቤቱ ይወስናል። ሌቭል ፎር ግን ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሙሉ ቀን የሚሰጥ ነው፤ ሒሳቡም፣ ቋንቋውም፣ ሳይንሱም፣ ማኅበራዊ ትምህርቱም ጥልቀት ይጨምራል፣ ሒሳቡ ደግሞ ቀደም ይላል። ለዚህ ደረጃ የሚመርጠው የካውንቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ልጁን በአካል አያየውም። የሚያየው ፋይሉን ነው፦ የችሎታ ፈተናዎች ውጤቱን፣ ሆፕ በሚባለው ቅጽ የመምህሩን ምዘና፣ የልጁን ሥራ ናሙና፣ ወላጅ የጻፈውን።

ሴንተር ስንል የተለየ ሕንፃ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። እንደማንኛውም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የራሱ ሰፈር ልጆችም ይማሩበታል። ልዩነቱ በዙሪያው ካሉ ትምህርት ቤቶች ለሌቭል ፎር ያለፉ ልጆች በባስ መጥተው እዚያ መሰብሰባቸው ነው። በዚህ የተነሳ በየክፍል ደረጃው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ የሌቭል ፎር ክፍል ይኖራል። ብዙ የሰፈር ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን ሌቭል ፎር ያስተምራሉ፤ ሎካል የሚባለው ይህ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በወረቀት አንድ ነው።

ልዩነቱ ያለው ክፍሉ በተሞላበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

ሎካል በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች ክፍላቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ትምህርት ቤት በ3ኛ ክፍል ሃያ ያህል ልጆች ያልፋሉ፤ ርዕሰ መምህሩ አንድ ሙሉ ክፍል ይከፍትላቸዋል። ይህ ከሴንተር ብዙም አይለይም። በሌላው ያለፉት ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ጎበዝ የሆኑ ሌሎች ልጆችን ጨምሮ ክፍሉን ይሞላዋል። ፕሪንሲፓል ፕሌስመንት የሚባለው ይህ ነው። በሦስተኛው ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱን ከሃያ ምናምን ልጆች ጋር በተደባለቀ ክፍል አስቀምጠው፣ መምህሯ በሒሳብ ሰዓት ለብቻቸው ወረቀት ትሰጣቸዋለች። ክላስተር ይሉታል። ለወላጅ የሚመጣው ደብዳቤ ግን ለሦስቱም ያው ነው፦ ሌቭል ፎር በትምህርት ቤታችሁ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ልጃችሁን ሰፈሩ አቆዩት እላለሁ፤ ብዙም አላመነታም። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ መምህሩን አይታችሁ ወስኑ፤ ጥሩ መምህር ካለ እኔ ወደ ሰፈሩ አደላለሁ። ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ ግን ሴንተር ይሂድ። ሁለት ልጆች የመጽሐፍ ውይይት አይሆንላቸውም። የሌቭል ፎር ትምህርት ዋናው ነገር ወረቀቱ ሳይሆን ንግግሩ ነው፦ አንዱ ልጅ ሐሳብ ያነሳል፣ ሌላው ይሞግተዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱም ያላዩትን ያያል። ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ጥግ ይዞ ተጨማሪ ወረቀት ሲሞላ ቢውል፣ ያ የላቀ ትምህርት አይደለም። ለልጁ ብዙ ሥራ እንጂ የተሻለ ሥራ አልተሰጠውም።

ይህን የምለው ከልምዴ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ካርድ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ ከላውራ ጁሊያኖ ጋር ሆነው በፍሎሪዳ አንድ ትልቅ የትምህርት አስተዳደር ላይ ጥናት አድርገዋል። በዚያ አስተዳደር አንድ ትምህርት ቤት በ4ኛ ወይም በ5ኛ ክፍል አንድ እንኳ ጊፍትድ፣ ማለትም ልዩ ተሰጥኦ ያለው፣ የተባለ ልጅ ካለው፣ ለላቁ ተማሪዎች የተለየ ክፍል መክፈት ነበረበት። ጊፍትድ የተባሉት ጥቂት ስለነበሩ ቀሪው ወንበር ባለፈው ዓመት ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ባመጡ ልጆች ይሞላ ነበር። ከዚህ ብዙ የተጠቀሙት እነዚያ በነጥባቸው የገቡት ልጆች ሆኑ፤ በተለይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ልጆች በንባብም በሒሳብም ትልቅ እመርታ አሳዩ። በሌላው ክፍል የቀሩት ልጆችም አልተጎዱም። ይህ ሁሉ የሆነው ልጆቹ ከሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሳይወጡ ነው። ከዚህ እኔ የምይዘው ይህን ነው፦ አብሮ የሚቀመጠው ቡድን ከሞላ፣ ልጅን ለማሳደግ ባስ የግድ አይደለም።

እንግዲያው መልሳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። በየትምህርት ቤቱ ኤኤአርቲ የሚባል የላቀ ትምህርት መምህር አለ፤ ቀጠሮ የምትይዙት ከእሱ ጋር ነው። «በሚመጣው ዓመት 3ኛ ክፍል ለሌቭል ፎር ያለፉ ስንት ልጆች እዚህ ይቆያሉ? አንድ ክፍል ይሆናሉ ወይስ ይከፋፈላሉ? መምህሩ ለዚህ ሥልጠና ወስዷል? አራቱም ትምህርት ነው ወይስ ሒሳብ ብቻ? ባለፈው ዓመት ከዚህ ሴንተር የሄዱት ስንት ናቸው?» በሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ካለፉት ልጆች አብዛኛዎቹ ወደ ሴንተር ከሄዱ፣ ሎካሉ ክፍል በየዓመቱ እየሳሳ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ያስቸግረኛል ብላችሁ አትቅሩ። ካውንቲው በአማርኛ ጽሑፎችን ያዘጋጃል፤ ለስብሰባ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ስለ ሕይወታችን ልናገር፤ ምክንያቱም ወንበሩን የሚመርጠው ካሪኩለም ብቻ አይደለም። ካውንቲው ለሴንተር ልጆች ባስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ብዙ ሰፈር ስለሚዞር መንገዱ ይረዝማል፣ የመግቢያ ሰዓቱም ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊለይ ይችላል። እናት ሆስፒታል ማታ የምትሠራ፣ አባት ጠዋት ኡበር ላይ የሚወጣ ቤት ውስጥ ሃያ ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ሳክ ውስጥ ካለ፣ ያ የድኅረ ትምህርት ጥበቃ በትምህርት ቤት የተያዘ መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ሴንተር ሲዛወር እዚያ ያለው ሳክ ሞልቶ ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል። ታናሽ እህት ሰፈር ትምህርት ቤት ከቀረች ሁለት የወላጅ ስብሰባ፣ ሁለት የመምህር ቀጠሮ፣ የታመመ ልጅ ለማውጣት ሁለት አድራሻ ነው። እነዚህን እንደ ሰበብ የሚያያቸው ወላጅ አጋጥሞኛል፤ ለልጁ ትምህርት ሲል ምንም እችላለሁ ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የደከመች እናትና ከመኝታው ሳይጠግብ የተነሳ ልጅ የሚከፍሉት ዋጋ በእርግጥም ዋጋ ነው። የሰፈሩ ክፍል ጥሩ ከሆነ ያንን ዋጋ የሚያስከፍል ምክንያት የለም።

ከእኛ ትልልቆቹ የሚያነሱት አንድ ንጽጽር አለ። በንጉሡ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዞችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር፤ ከዚያ የወጡት ሰዎች አገር አገልግለዋል። ስለዚህ ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ይሰብሰብ ይላሉ። በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን እነዚያ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ አንድ ሁለት ዓመት የቀራቸው ወጣቶች ነበሩ። እዚህ የምንወስንለት ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። በሰፈሩ አብሮት የሚጫወት ጓደኛ፣ ስሙን በትክክል የምትጠራ የቢሮ ሠራተኛ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የምታውቀው መምህርት ለስምንት ዓመት ልጅ የትምህርቱ አካል ናቸው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። በትምህርት ምርምር «ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ» በሚል ስም የሚታወቅ ግኝት አለ፤ ኸርበርት ማርሽ የተባሉት ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች አሳይተውታል። እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች አንዱ በጣም ጎበዞች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ስለራሱ ችሎታ ያለው ግምት ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ራሱን የሚለካው አጠገቡ ባሉት ነውና። ሴንተር የገባ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ «እኔ ሞኝ ነኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ይህ ማለት ወድቋል ማለት አይደለም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቸግር ነገር አግኝቶ ነው። ለአንዳንዱ ልጅ ይህ መድኃኒት ነው፤ ያለ ጥረት መቶ ሲያመጣ የኖረ ልጅ መልፋትን በ3ኛ ክፍል ቢለምድ ይሻለዋል። ለሌላው ልጅ፣ በተለይ በስሕተቱ ለሚያለቅስና ለሚቆዝም፣ ጊዜውን መጠበቅ ይሻላል። ልጃችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ኮሚቴው አይደለም። እዚህ ላይ በትሕትና የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ሴንተር ለገባ ልጅ አትጠይቁ። ክፍሉ በሙሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ነው።

ልጁ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ ወይም ብቸኛው ጥቁር ልጅ ይሆን ይሆናል። ይህንንም ሴንተሩን ስትጎበኙ ዓይናችሁን ከፍታችሁ እዩ። ለአንዳንድ ልጅ ምንም አይደለም፣ ለአንዳንዱ ግን ያስጨንቃል። ከመረጣችሁት፣ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤቱንና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ጓደኞቹን አታስቀሩበት።

ስለ ቲጄ ይጠይቁኛል፤ ሴንተር ተማሪ መርጦ ወደሚቀበለው የቶማስ ጄፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መንገድ ነው ይባላል። ይህ እንደ እውነት የሚነገረውን ያህል አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የመግቢያ ፈተናው ቀርቷል፤ ለእያንዳንዱ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ቁጥር 1.5 በመቶ ወንበር ይያዝለታል። አሠራሩ በፍርድ ቤት ተከስሶ ነበር፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ደገፈው፣ በየካቲት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም አለ። የሚጠየቀው ጥሩ ነጥብና ቢያንስ አልጀብራ ዋን በ8ኛ ክፍል መማር ነው። አልጀብራ ላይ የሚያደርሰው የላቀ ሒሳብ ደግሞ በሰፈር ትምህርት ቤትም አለ፤ ሌቭል ፎር ላላለፈ ልጅ እንኳ። ስለዚህ የ3ኛ ክፍል ውሳኔያችሁን በ9ኛ ክፍል ስሌት አትወስኑት። ሒሳቡን ግን በየዓመቱ ተከታተሉ።

ከሜሪላንድ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ሴንተርስ ፎር ኤንሪችድ ስተዲስ የሚሉት ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ነው፤ ብቁ ከሆኑት መካከል ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ያልወጣለት ልጅ በሰፈሩ ምን የተጠናከረ ትምህርት እንደሚያገኝ ትምህርት ቤታችሁን ጠይቁ፤ ስለ ክፍሉ መሙላት የነገርኳችሁ ለእናንተም ያው ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሰፈር ወይስ ሴንተር ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ዕድለኛ ነው። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ለዚህ ጥያቄ አይደርሱም፣ ስማቸውን ያቀረበ ሰው ስለሌለ። በሁለተኛ ክፍል በፈተና ከትምህርት ቤታቸው ልጆች ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡ ልጆች ፋይላቸው በቀጥታ ይታያል፤ ሌላው ልጅ ግን መምህር ወይም ወላጅ ማመልከት አለበት። ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ በ2016 ባወጡት ጥናት በአገር አቀፍ መረጃ ሲያዩ፣ እኩል የፈተና ነጥብ ያላቸው ጥቁር ልጆች ከነጭ ልጆች ባነሰ መጠን ጊፍትድ ፕሮግራም ውስጥ ይገባሉ፤ መምህራቸው ጥቁር ሲሆን ዕድላቸው ከፍ ይላል። ቅድም በጠቀስኩት የፍሎሪዳ አስተዳደር ደግሞ በ2005 ጥቆማ መጠበቁን ትተው ሁሉንም የ2ኛ ክፍል ልጆች ቃል በማይጠይቅ ፈተና ሲፈትኑ፣ የሚገቡት ጥቁር፣ ሂስፓኒክና የድሃ ቤተሰብ ልጆች በብዙ ጨመሩ። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ።

ስለዚህ መምህሯ እስክትነግረኝ ብላችሁ አትጠብቁ። እኛ መምህርን ማክበር እናውቃለን፤ ልጄ ጎበዝ ነው ብሎ መናገር ደግሞ ያሳፍረናል። እዚህ አገር ያንን ቅጽ መሙላት ጉራ አይደለም፤ አሠራሩ ከወላጅ የሚጠብቀው ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በዲሴምበር ነው፤ የዘንድሮውን ቀን ከትምህርት ቤታችሁ ጠይቁ። ልጁ ኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች በሚሰጠው ትምህርት፣ ውስጥ መሆኑ አያግደውም። ቅጹ ላይ «ጎበዝ ነው፣ ታዛዥ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ያደረገውን ጻፉ፦ ለአያቱ በስልክ አማርኛውን፣ ለጎረቤት እንግሊዝኛውን እያቀያየረ እንደሚያስተረጉም፤ ስለ ፕላኔት ሲጠይቅ መልሱ ካላረካው ላይብረሪ ውሰዱኝ እንደሚል፤ የቤቱን ወጪ ስትደምሩ ስሕተታችሁን እንዳገኘ። ኮሚቴው ልጁን የሚያየው በእነዚህ ነው። ካላለፈም ይግባኝ አለ፤ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚደረግ የግል ፈተና ተጨምሮ ሊቀርብ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ማመልከት ይቻላል።

ከአዳራሹ ጥያቄ ያነሱ አንዲት እናት ነበሩ፦ «ልጄ ሴንተር መሄድ አልፈልግም፣ ጓደኞቼን አልተውም ብላ ታለቅሳለች፤ ላስገድዳት?»

እንዲህ መለስኩላቸው። አያስገድዷት፣ ግን ልቅሶዋን እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት። መጀመሪያ ኤኤአርቲውን ያነጋግሩ፤ ሰፈር ያለው ክፍል የሞላ ከሆነ ልጅዎ ልክ ናት፣ ትቆይ። ክፍሉ የሳሳ ከሆነ ሴንተሩ ለአዲስ ወላጆች በሚያዘጋጀው ጉብኝት ይዘዋት ይሂዱ፤ ክፍሉን ታየው። አንዴ ያለፈች ልጅ መብቷ እስከ 8ኛ ክፍል ይቆያል፤ ዘንድሮ እምቢ ብትል በ4ኛ ክፍል መጀመሪያ መግባት ትችላለች፤ ገብታ ካልተስማማትም ወደ ሰፈሯ መመለስ ትችላለች። ሴንተር ከገባች እስከ ታንክስጊቪንግ ድረስ ይጠብቋት፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሁሉም ልጅ ከባድ ናቸው። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሆዷን የሚያማት ከሆነ፣ ምሳዋን ብቻዋን የምትበላ ከሆነ መምህሯን ያነጋግሩ። የድሮ ጓደኞቿን ደግሞ በወር አንዴ ቤትዎ ይጥሯቸው።